የማለዳው ቁጥርና የልጅ አንደበት



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን በብዙ ቤቶች ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስለሚሆን አንድ ነገር ነው። አባት ወይም እናት ጣታቸውን ወጋ አድርገው፣ ጠብታ ደም በትንሿ መለኪያ ላይ አድርገው ቁጥሩ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ልጅ ይመጣና «ስንት ሆነ?» ይላል። ከዚህ ጥያቄ ቀጥሎ የምንናገረው ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

የምነግራችሁ በቤታችን የሆነውን ነው። አባቴም «ለሌላ ልጅ ይጠቅም እንደሆነ ጻፈው» ብለው ፈቅደውልኛል።

አባቴ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪማቸው ሜትፎርሚን አዘዘላቸው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ እየለኩም ደብተር ላይ እንዲጽፉ ነገራቸው። መለኪያውን ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ ራሴን ተቆጣጣሪ አድርጌ ሾምኩ። 118 ካሉኝ «ማሻአላህ» ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። 190 ካሉኝ ግን «አባዬ፣ ማታ ደግሞ ምን በልተው ነው?» እላለሁ። በቃሌ ውስጥ አንቱታ ነበረ፤ በድምፄ ውስጥ ግን ክስ ነበር።

«ወላሂ ልጄ፣ ከመግሪብ በኋላ አንዲት እንጀራ በሽሮ ነው የቀመስኩት» ይሉኛል። እኔ አላምናቸውም። እስቲ አስቡት፤ ሽማግሌ አባት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ልጃቸው ፊት ስለ እራታቸው ሲምሉ!

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩ አማረ። 112፣ 121፣ 109። ደስ አለኝ፤ ለወንድሞቼም ደውዬ «አባዬ ተስተካክለዋል» አልኩ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙም ደብተሩን አይቶ መድኃኒቱን ሳይጨምር በነበረበት አስቀጠለው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ ተሠራ። ውጤቱ 9.5 ሆነ። ይህ በአማካይ ወደ 226 የሚጠጋ ስኳር ማለት ነው። ሐኪሙ ደብተሩን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ «መለኪያውን ይዘው መጥተዋል?» አለ። መለኪያው የለካውን ሁሉ ያስታውሳል። ወደ ኋላ እየመለሰ ሲያየው 187፣ 204፣ 196 ይላል።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቀስ ብሎ «አባባ፣ ለምን ቀየሩት?» አላቸው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ «ልጄ እንዳይከፋው ብዬ ነው» አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ አባቴ እውነቱን ደበቁ ለማለት አይደለም። እውነት ለመናገር የማይመች ቤት የሠራሁት እኔ መሆኔን ለመናገር ነው። ሐኪሙ ለዓይን ምርመራ ላካቸው፤ በዓይናቸው የኋላ ክፍል ባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ጉዳት መጀመሩም ታወቀ። ይህ በእነዚያ ወራት ብቻ መጣ አልልም፤ ስኳር ቀስ ብሎ ለዓመታት የሚጎዳ ነገር ነው። ግን መድኃኒቱ ሊስተካከል በሚገባው ጊዜ አልተስተካከለም። ምክንያቱም ደብተሩ እኔን ለማስደሰት የተጻፈ ነበር።

*ያልበሉት ስኳር ከየት መጣ?*

ያን ቀን ሐኪሙን የጠየቅኩት ይህን ነበር። «ማታ ጥቂት በልቶ ያደረ ሰው ጠዋት እንዴት ከፍ ይልበታል?»

መልሱ ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ለሰውነታችን እንደ ጎተራ ነው። ስንበላ ትርፉን ስኳር ያከማቻል፤ ስንተኛና ምግብ ሲቋረጥ ደግሞ አእምሮና ልብ እንዳይራቡ ከጎተራው እያወጣ ደም ውስጥ ይለቃል። አላህ ሰውነታችንን ሲፈጥረው ሌሊቱን ሙሉ ሳንበላ ማደር የቻልነው በዚህ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ እንደ ኮርቲዞል ያሉ ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ። እነዚህም ጉበትን «ስኳር ልቀቅ» ይሉታል። በጤነኛ ሰው ቆሽት በልኩ ኢንሱሊን ያመነጭና ነገሩን ያመጣጥነዋል። ዓይነት ሁለት ስኳር ባለበት ሰው ግን ሰውነቱ ኢንሱሊንን በደንብ አይሰማም፤ ቆሽቱም የሚበቃውን ያህል አያመነጭም። ስለዚህ ጎተራው ከሚፈለገው በላይ ይለቃል፤ የሚቆጣጠረውም ያጣል። ሰውየው ምንም ሳይቀምስ ጠዋት 180 ወይም 200 ሊያይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሜትፎርሚን ራሱ ዋና ሥራው ጉበት የሚለቀውን ስኳር መቀነስ ነው።

እራት ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። አምሽቶ መብላት፣ ብዙ እንጀራ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠዋት ላይ ይታያሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ኢንፌክሽን፣ ጭንቀት፣ የተዘለለ መድኃኒትም እንዲሁ። እራት በጊዜ በልቶ ለዒሻ ሶላት በእግር መስጂድ ደርሶ መመለስ ይጠቅማል። ግን ከፍ ያለ ቁጥር በራሱ የስስት ማስረጃ አይደለም።

አባቴ «ወላሂ» ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ጥፋቱ የጉበት ሆኖ ሳለ እኔ በሰውየው ላይ ፈረድኩ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት (49፥12) ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል፤ አንዳንዱ ጥርጣሬ ኃጢአት መሆኑንም ነግሮናል። በሱረቱል ኢስራእ (17፥23) ደግሞ ወላጆቻችን አጠገባችን ሆነው ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው፣ የከበረን ቃል እንድንናገራቸው ታዘናል። እኔ «ኡፍ» የሚለውን ቃል አላልኩም፤ ግን በየማለዳው ፊቴ ይለው ነበር።

*አለካኩን እናሳምር*

ንግግራችንን ካስተካከልን በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ቁጥሩ ራሱ እውነት እንዲሆን ማድረግ ነው። ከሐኪሙና ከነርሷ የተማርነው ይህ ነው፦

1. በባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ ማለት ነው። ውሃ ይቻላል። ስኳር የገባበት ሻይ ወይም ቡና ከተጠጣ ግን የባዶ ሆድ ልኬት አይባልም።

2. ሰዓቱ በየቀኑ ተመሳሳይ ይሁን። አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ፣ ሌላ ቀን ተመልሶ ተኝቶ ረፋድ ላይ ከተለካ ቁጥሮቹን ማነጻጸር ይከብዳል።

3. እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያም በደንብ ይድረቅ። ቴምር ወይም ማር የነካ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከውዱእ በኋላ ያልደረቀ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥነዋል።

4. የጣትን መሐል ሳይሆን ጎኑን መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል። ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ጥሩ አይደለም። መውጊያ መርፌን ለሁለት ሰው መጠቀም በፍጹም አይገባም።

5. ስትሪፑ ጊዜው ያላለፈበት፣ ዕቃው በደንብ የተከደነ ይሁን።

ስለ ውዱእ የሚጠይቁ ይኖራሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ከጣት የሚወጣ ደም ውዱእን አያፈርስም። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ደሙ ከወጣበት ቦታ ከፈሰሰ ያፈርሳል። አባቴ ነገሩን አቅልለውታል፤ ሱብሒን ሰግደው ዚክራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይለካሉ።

ሁሉም ሰው በየቀኑ መለካት አለበት ማለት ግን አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ብዙ ጊዜ መለካት ያስፈልገዋል፤ በሜትፎርሚን ብቻ ያለ ሰው ደግሞ ያነሰ ሊበቃው ይችላል። ስትሪፕ ውድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «በሳምንት ስንቴ፣ በየትኞቹ ቀናት እንለካ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

*ቁጥሩ ምን ይላል?*

በአገራችን የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው በባዶ ሆድ ከ100 በታች ነው። በላብራቶሪ ምርመራ በተለያየ ጊዜ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። በሽታው ላለባቸው ለብዙ አዋቂዎች የጠዋት ግቡ ከ80 እስከ 130 ነው። በዕድሜ ለገፉ ወይም ሌላ ሕመም ላለባቸው ግን ሐኪሙ ግቡን ሊያላላው ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ወላጅ ግብ ከሐኪማቸው ስሙ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን ያለችው እህታችን ጥሩ መለኪያ ልካልን ነበር። አባቴ ለክተው 9.4 ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ፣ ስኳሬ ጠፋ» አሉ! ነገሩ ግን እንግሊዝ የሚለካው በሚሊሞል ነው። ወደ እኛ ለመቀየር በ18 ማባዛት ያስፈልጋል፤ 9.4 ማለት ወደ 169 ነው። ስትሪፑም እኛ ጋ ገበያ ላይ አልተገኘም። ስለዚህ መለኪያ ከመላካችሁ በፊት መለኪያው በምን እንደሚቆጥርና ስትሪፑ ወላጆቻችሁ ባሉበት እንደሚገኝ ጠይቁ።

ደግሞም በአንድ ቀን ቁጥር አትደንግጡ። መለኪያው ራሱ ከላብራቶሪው እስከ 15 በመቶ ድረስ ሊለያይ ይችላል። 132 እና 140 እንደ ሁለት የተለያየ ዜና መታየት የለባቸውም። ሐኪሙን የሚረዳው የብዙ ቀናት አካሄድ ነው። ከቁጥሩ ጎን እራት በስንት ሰዓት ምን እንደተበላ፣ መድኃኒት መወሰዱን፣ እንቅልፍና ሕመም ካለ መጻፍ ብዙ ነገር ይገልጣል።

*ዝቅ ያለውንም እንወቅ*

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንፈራው ከፍታውን ነው። ቶሎ የሚያደናግጠው ግን ዝቅታው ነው። ከ70 በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል፤ ከ54 በታች ከሆነ ደግሞ አደገኛ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያመጣው አልፎ አልፎ ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ እንክብሎች የሚወስዱ ግን ሌሊት ላይ ሊወርድባቸው ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታትና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።

ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልተነሳ ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

*በረመዷንስ?*

አባቴ ረመዷን ሲቃረብ መለኪያውን ደብቀው ነበር። «ጾሜን ያፈርስብኛል» ይሉ ነበር። ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ግን ጾምን ከሚያፈርሱ ነገሮች አይቆጠርም። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። ይልቅስ የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ ከሌላው ጊዜ የበለጠ መለካት ያስፈልገዋል። ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ማፍጠር እንዳለበት የዘርፉ ሐኪሞች ይመክራሉ።

መጾም ይችሉ እንደሆነ የሚወሰነው ደግሞ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ከሐኪምና ከዐዋቂ ኡስታዝ ጋር ተመክሮበት ነው። በሱረቱል በቀራህ (2፥185) አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ ለእኛ ገሩን እንጂ ችግሩን እንደማይሻም ነግሮናል። የአላህን ፈቃድ መቀበልም ዒባዳ ነው።

*ተወኩልና ሰበብ*

አንዳንድ ሰው «እኔ በአላህ ተመክቻለሁ፤ መለካትም መድኃኒትም አያስፈልገኝም» ይላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈትቶ በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። መድኃኒትን በሰዓቱ መዋጥ፣ ጠዋት መለካት፣ ቀጠሮ አለመዝለል የእኛ ግመል ማሰሪያ ናቸው። ፈውሱ ግን ከአላህ ነው።

ማር ውስጥ ፈውስ እንዳለ ቁርኣን ነግሮናል፤ እናምናለን። ነገር ግን ማር የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የታዘዘውን እንክብል ትቶ በምትኩ ጠዋት ጠዋት ማር መላስ የስኳር ሕመምተኛን ይጎዳል። ዱዓእና መድኃኒት አይጣሉም፤ አብረው ይሂዱ።

*ነገ ጠዋት ምን እንበል?*

ከሐኪም ቤት የተመለስን ቀን አባቴን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ በቤታችን ሦስት ነገር ተቀየረ።

አንደኛ፣ «ስንት ሆነ?» ከማለቴ በፊት «እንዴት አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ነበር?» እላለሁ። አባቴ ከቁጥራቸው ይቀድማሉ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል «ምን በልተው ነው?» ማለት ትቻለሁ። «እሺ አባዬ፣ እንጻፈው» እላለሁ። 118ም ሆነ 210 ድምፄ አንድ ዓይነት እንዲሆን እታገላለሁ። ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ ፊቴ ያስታውቃል። ያኔ ኢስቲግፋር አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ እራታችን አንድ ሆነ። እሳቸው ጎመንና ምስር እየበሉ እኛ አጠገባቸው ለስላሳ መጠጣት አቆምን። ከእራት በኋላም ለዒሻ አብረን በእግራችን እንሄዳለን።

ከዚህ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሳምንት ደብተሩ ላይ 201፣ 194፣ 188 ተጻፈ። ቁጥሩ አላማረም፤ እውነት ስለነበረ ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካከለበት። ከወራት በኋላ ኤ ዋን ሲው 7.6 ሆነ። ገና ይቀራል፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ከሶላት በኋላ ቤት ስትገቡ፣ ወይም ርቃችሁ ካላችሁ ስትደውሉ፣ ስኳር ያለባቸው ወላጅ ወይም አያት ካሏችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ስትለኩ የሚያስፈራችሁ ነገር አለ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ምናልባት የሚያስፈራቸው በሽታው ሳይሆን የእኛ ፊት ሊሆን ይችላል።

ያ አላህ! የታመሙ ወላጆቻችንን ሁሉ ፈውሳቸው። ሕመማቸውን ለኃጢአታቸው ማበሻ አድርግላቸው። ለእኛም በእነሱ ላይ የሚለሰልስ አንደበትና የማይሰለች ልብ ስጠን። በሕይወት የሌሉትን ማራቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።